ላሜን በሰዓት አትቁጠሩብኝ

ባለፈው ሳምንት ቀበሌያችን ስብሰባ ጠራ። ስለ ወተት ልማት ነው ተባለ፣ ሄድኩ። አንድ ልጅ እግር ባለሙያ ከከተማ መጥቶ ስላይድ እያሳየ ሁለት ሰዓት አወራ። ስሙን አላነሳም፤ ክፉ ሰው አይመስልም። ግን አንድ ነገር ተናገረና እስካሁን ሆዴ ውስጥ ይንተከተካል። ሁለት ላምና አሥር ዶሮ ይዞ የሚኖር ሰው አርቢ አይባልም፣ ከብት እያጫወተ ጊዜውን የሚያባክን ሰው ነው አለን። ከዚያ ካልኩሌተር አወጣ። በቀን አራት ሰዓት ጉልበት፣ በቀን ሦስት ሊትር ወተት። ስለዚህ ላሞቻችሁን ሽጡ፣ በክላስተር ማለትም በቡድን ተደራጁ፣ የእርባታ ድርጅት አክሲዮን ግዙ። ማለቡን ለድርጅቱ ተዉት፣ ትርፉን ተካፈሉ።

አንዳንዱ አጨበጨበ። እኔ አራት ሰዓቷን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እኔማ ያለችኝ አንዲት የምትታለብ ላምና አንዲት ጊደር ነች፤ የሱን ሁለት ላም እንኳ አላሟላም።

እስቲ አብረን እንቁጠር።

ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ እነሳለሁ። የሸኖ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። የበረቱን በር ስከፍት ግን ሙቀቱ ይቀበለኛል። ቦራ ኮቴዬን ስለምታውቅ ገና ሳልገባ ታጉረመርማለች። ጥጃዋን እፈታላታለሁ። ያገር ላም ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ወተቷን ትይዛለች፤ ብትለምናት፣ ብትቆጣት ጠብ አይልም። ጥጃው ጡቷን በግንባሩ ይጎሽማል። አፉ ዙሪያ አረፋ ሲወጣ እየጎተትኩ ከፊት እግሯ አጠገብ አስረዋለሁ። እሷ እሱን ትልሳለች፣ እኔ ዱካዬን ስቤ አልባለሁ። መጀመሪያ ባዶው ማለቢያ ጯ ጯ ይላል። እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል። ስንት እንደደረሰ ሳላይ በድምፁ አውቀዋለሁ። አንዱን ጡት ለጥጃው እተወዋለሁ። ባለሙያው ቢያየኝ ይህንንም ብክነት ይለዋል መሰለኝ።

ይህን ነው እንግዲህ «ወጪ» በሚለው ዓምድ ሥር ያስገባው። እኔ ደግሞ ደመወዜ መስሎኝ ነበር!

አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስልሳ ልጅ ፊት ቆሜ ስጮህ እውላለሁ። ማታ ገብቼ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ቆጡ ላይ ሲሰፍሩ ቆሜ አያለሁ። ሁልጊዜ አንዷ ትዘገያለች። ሁልጊዜ ያቺው ናት። የቀኑ ንዴት እዚያ ቆሜ ይወጣልኛል። ባለሙያው ማታ ስልኩ ላይ አውራ ጣቱን ሲያሻሽ የሚያጠፋውን ሰዓት ማን ቆጠረበት? እንግሊዞች ኳስ ሲራገጡ ተቀምጦ የሚያይበትን 90 ደቂቃስ? ያ «መዝናናት» ነው። የኔ በረት ውስጥ መቀመጥ ግን ጉልበት ማባከን! ሰው ደስ እያለው የሠራውን ሥራ እንደ ኪሳራ የሚመዘግብ የሂሳብ ትምህርት የት እንደሚሰጥ አላውቅም። እኔ እንዲህ አላስተምርም።

ያገር ላም በአማካይ በቀን ሊትር ተኩል ገደማ ናት አለ። ልክ ነው። ዲቃላዋ አሥር ሊትርና ከዚያም በላይ ትሰጣለች፤ እሱም ልክ ነው። ግን ይህ ወሬ ዛሬ አልተጀመረም። አሰላ ላይ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ከስዊድኖች ጋር ሆኖ ዲቃላ ላም ማስፋፋት ከያዘ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ወደ 70 ሚሊዮን ከሚጠጉት የቀንድ ከብቶቻችን ከመቶ 97 ያህሉ ያገር ዝርያ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ገበሬው አልገባው ብሎ ነው? ዲቃላዋ ፋጉሎ ትፈልጋለች፣ ፉርሽካ ትፈልጋለች፣ ሐኪም ትፈልጋለች። ቦራ ጭድና አተላ በልታ ታድራለች። አተላውን ደግሞ የምትሰጠኝ ጠላ የምትጠምቀው ጎረቤቴ ናት፤ እኔም በምላሹ ኩበት እሰጣታለሁ። ይህን ካልኩሌተሩ ላይ በየትኛው ቁልፍ እንደሚያስገባው ያሳየኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስላይዱ ላይ ወተቱን በ365 አባዛው። በ365! ይህ ሰው የት ነው ያደገው? የዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ። ጾም ሲገባ የወተት ገዢ እጁን ይሰበስባል። ወተት ደግሞ እንደ ስንዴ ጎተራ አይገባም። መቶ ላም ያለው ድርጅት ዓርብ ዕለት ላሞቹን «ዛሬ ጾም ነው፣ አትታለቡ» ሊላቸው ነው?

የኔ ቤት ግን ጾምን ያውቃል። ቅሌን በወይራ አጥኜ ወተቱን አጠራቅማለሁ። ሲረጋ እንጣለሁ። መናጥ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል፣ አልክድም፤ ወገብ ይይዛል። ግን ጎረቤት ቡና ላይ ቁጭ ብሎ እያወራ፣ እኔ ቅሉን ወዲያ ወዲህ ሳደርግ ድንገት የውስጡ ድምፅ ይለወጣል። እንቦጭ እንቦጭ ማለቱን ይተውና ከበድ ያለ ነገር ሲላጋ ይሰማል። «ወጣ!» ይላል አንዱ። ቅቤው ይቀመጣል። አሬራው ሞቅ ተደርጎ አይብ ይወጣዋል፣ ልጆቹ ይበሉታል። አጓቱ ለጥጃና ለውሻ ነው። የሚደፋ ነገር የለም። ቅቤውን በኮረሪማና በኮሰረት ካነጠርኩት ወራት ይቆያል። የፋሲካ ሰሞን የሸኖ ቅቤ ዋጋ የት እንደሚደርስ አዲስ አበባ ያላችሁ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አማቴ ፊደል ሳትቆጥር ይህን ሂሳብ ስትሠራው ኖራለች። አራት ልጆቿን ደብተር የገዛችላቸውም በዚሁ በቅቤ ብር ነው።

የቅቤ ብር ደግሞ የሴት ነው። በሬ ሲሸጥ ባል ይቆጥራል፤ ቅቤ ሲሸጥ ግን ማንም እጄን አይመለከትም። ባለቤቴም አይጠይቀኝም፣ ጠይቆም አያውቅ። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ አክሲዮኑ በማን ስም ነው የሚመዘገበው አልኩት። በአባወራው ነው አለኝ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። የተቀመጥነው ሴቶች ተያየን። እንግዲህ ላሜን ሸጬ፣ ብሩ በባሌ ስም ገብቶ፣ የማላያት ላም የማላየው ቦታ ትታለብልኛለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ትልልቅ እርባታ አይኑር አላልኩም። የአዲስ አበባን ሕዝብ ቦራ አታጠጣውም። ይኑር፣ ማን ከለከለ? ግን እሱ እንዲኖር የኔ በረት ለምን ይዘጋል? በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት ሲጀመር በየቤቱ እንቁላልና ወተት ይመረት ተብሎ አልነበረም እንዴ? ወይስ ያ ወሬ ለቴሌቪዥን ነበር?

የጎደለንን ከጠየቃችሁኝ እነግራችኋለሁ። ካቻምና ፈንግል ገብቶ አሥራ አንድ ዶሮዬን በአራት ቀን ጨረሰብኝ። አንገታቸው እየተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ሞቱ። ክትባት ፈልጌ ስሄድ አንዱ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ነው፣ ከተከፈተ በዕለቱ ማለቅ አለበት፣ ላንቺ አሥር ዶሮ አንከፍትም ተባልኩ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው። ከጨረቃ አምጡልኝ አላልኩም። ባለሙያው በሁለት ሰዓት ንግግሩ አንድም ጊዜ ፈንግል የሚል ቃል አልወጣውም።

ዘንድሮ ታዲያ ከጎረቤቶቼ ጋር ተመካከርን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ዶሮውን ይዞ እኔ ግቢ መጣ። በቅርጫት፣ በጆንያ፣ አንዱ ልጅ በጃኬቱ ውስጥ። ሲቆጠሩ 93 ሆኑ። ዓይናቸው ላይ ጠብ እየተደረገ ተከተቡ። የማን ዶሮ የማን እንደሆነች እስክንለይ መሸ፤ አንዷ ቀይ ዶሮ ላይ እስካሁን ክርክር አለ። ብልቃጡ ግን አልተደፋም። ክላስተር የሚሉት ይህን ከሆነ እኔ ፈርሜያለሁ።

የቦራ ልጅ፣ ጊደሬ ዳለቻ፣ ዘጠኝ ወሯን ልትጨርስ ነው። ጡቷ ወጥሯል፣ በዚህ ሰሞን ትወልዳለች። እንገር ይኖራል። ባለሙያው ከፈለገ ይምጣ፣ ዱካ አለ። ግቢ ሲገባ ብቻ ቀስ ይበል፤ አውራ ዶሮው እንግዳ አይወድም።