ሰሙ ድንጋይ፣ ወርቁ ጤና ጣቢያ

እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻም የወንዶች መሽኛ ሳህን ገዝቶ፣ «አር. መት» የሚል የሐሰት ስም ፈርሞበት፣ ኒውዮርክ ውስጥ ለተሰናዳ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ቢልከው አዘጋጆቹ አናሳይም አሉት። ስድስት ዶላር የከፈለ ሁሉ ያለ ዳኛ ሥራውን ያሳያል ብለው ያወጁት እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። ምስኪን ዱሻም! ጎጃም ብቅ ቢል ኖሮ ዕቃውን በመጋረጃ ሸፍነን፣ ፊርማውን በእልልታ ገልጠን፣ እርሱንም ካባ አልብሰን በሸኘነው ነበር።

ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ አድባራት ባሉበት አገር፣ አንዱን ነገር አሳይቶ ሌላውን ማለት ከፈረንጅ የሚቀዳ ጥበብ አይደለም። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ ሜዳ የወረደው ትልቁ ቅኔያችን ደግሞ የመሠረት ድንጋይ ነው።

በእኛ ወረዳ ከተማ መውጫ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጥግ አንድ አለ። ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በስሚንቶ የተለሰነ ካብ ሲሆን፣ ግንባሩ ላይ ዕብነ በረድ ተለጥፎበታል፤ የመጋረጃው ሽቦ በአንድ ወገን ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፣ ከቀዩም ጨርቅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቀርታለች። አንድ ቀይ በሬ በየማለዳው ሲታከክበት ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ፍቆ ጨርሶታል። የክቡርነታቸው ስም ግን፣ ምስጋና ለሠሪው ብልኀት ይሁንና፣ በሬው ከማይደርስበት ጥግ ላይ ስለ ተቀረጸ እስከ ዛሬ ያበራል።

በሬውን የሚጠብቁትን አዛውንት፣ «አያ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጤና ጣቢያው ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

ሳይስቁ ነው የመለሱልኝ። ሚካኤል ክሬግ ማርቲን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ብርጭቆ ውሃ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ «ይህ የባሉጥ ዛፍ ነው» ባለ ጊዜ፣ ተመልካች እንዲገባው የጥያቄና መልስ ጽሑፍ አብሮ መስቀል ግድ ሆኖበት ነበር። የእኛ ሰው ምንም ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ሲያመው ወደ ድንጋዩ ሳይሆን በቃሬዛ ወደ ሌላ ወረዳ መሄዱም ቢሆን የሥራውን ክብር ከቶ አይቀንሰውም።

ጣሊያናዊው ማውሪሲዮ ካተላን ግድግዳ ላይ በፕላስተር የለጠፈው ሙዝ እ.ኤ.አ. በ2024 በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ ብዙ ሰው ተገርሟል። ሙዙ ሲበሰብስ ገዢው ሌላ ሙዝ ይተካል፤ ዋናው ነገር በእጁ ያለው የምስክር ወረቀት ነው። ይህንንም ቢሆን እኛ በላቀ ደረጃ እንሠራዋለን፤ ምክንያቱም ኃላፊ በተዛወረ ቁጥር የሚተካው ዕብነ በረዱ ሲሆን፣ ሐሳቡ ግን አንድም ቀን በግንብ ሳይቆሽሽ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። (ድንኳኑ፣ የድምፅ ማጉያውና የምሳው ወጪ የጥበቡ አካል ስለሆነ በበጀት ጉድለት ተሰርዞ አያውቅም።)

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከዚያው ካብ ሦስት እርምጃ አለፍ ብሎ ሌላ መጋረጃ ተገለጠ። ዕብነ በረዱ ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈው «የጤና ጣቢያው ማስፋፊያ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ» ይላል። ካሜራው ተነሥቷል፣ ጭብጨባው ደምቋል። በሬው ግን እስከ ትናንት ድረስ የሚታከከው በአሮጌው ነው።