እጃችሁ ይባረክ፣ ክኒን አዳዮች

ሐኪም ጥያቄ ያበዛል። መቼ ጀመረህ? ሌላ ምን ትወስዳለህ? መድኃኒት ወስደህ ገላህ ሽፍ ብሎ ያውቃል? እናንተ ግን ተባረኩ፣ ጥያቄያችሁ አንዲት ናት፦ «ውሃ አለህ?» ከዚያ ቦርሳው ይከፈትና ስሙ የተጻፈበት ጎን ተቀዶ የጠፋ፣ ግማሹ ያለቀ እሽግ ብቅ ይላል። «ዋጣት፣ እኔን በአንድ ቀን ነው ያስነሳችኝ።» ምርመራ፣ ማዘዣና ፋርማሲ በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ማስረጃችሁም የማያወላዳ ነው። «እኔን አድናኛለች» ካላችሁ ምን ቀረ? የሰው ገላ ሁሉ አንድ አይደል እንዴ! ይህ ያልገባቸው ተመራማሪዎች ግን በ2004 ከታይዋን ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። ካርባማዜፒን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወስደው ቆዳቸው የተገፈፈ ሰዎችን ቢመረምሩ፣ አንድ የተወሰነ፣ ከወላጅ የሚወረስ የዘር (የጂን) ምልክት አገኙባቸው። ያ ምልክት በአንዱ ሰው ላይ አለ፣ በሌላው ላይ የለም። ስለዚህ አንዱን ያዳነች ክኒን ሌላውን ልትገፈው ትችላለች። እናንተ ደግሞ ለዚህ ምርመራ ጊዜ የላችሁም፣ ሰው እያመመው ነዋ።

መገፈፍ ስል አጋንኜ አይደለም። በ1922 አልበርት ስቲቨንስና ፍራንክ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች ትኩሳት ይዟቸው፣ አፋቸው ቆስሎ፣ ዓይናቸው ተቃጥሎ፣ ገላቸው ሽፍ ያለባቸውን ሁለት ልጆች ታሪክ ጻፉ። በሽታው ዛሬ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ይባላል። በ1956 ደግሞ አለን ላየል የተባለ የቆዳ ሐኪም የባሰበትን ዓይነት ገለጸ። ሕመምተኞቹ የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ነው የሚመስሉት። የሚላጠው ቆዳ ከመላው ገላ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን የመጀመሪያው ነው፣ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ከሦስት ታማሚ አንዱ ገደማ ይሞታል።

ይሄ ሁሉ የሚመጣው ስሙ ከሚያስፈራ መርዝ አይደለም። ፀረ ባክቴሪያው ኮትሪሞክሳዞል አለ፣ ባክትሪም የምትሉት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ላሞትሪጂን አሉ። ከማስታገሻ ፒሮክሲካምና ሜሎክሲካም። ሁሉም ከመሳቢያ የሚወጡ ናቸው። እርግጥ ነው ችግሩ ብርቅ ነው፣ ከሚሊዮን ሰው በዓመት ጥቂቶችን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ይህን ስትሰሙ ደስ እንደሚላችሁም አውቃለሁ። (ሐኪም አዞላችሁ የምትወስዱ ግን ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳትጥሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቆም ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ የማወራው ስለ ደጋጎቹ ነው።)

ከደጋጎቹም ሁሉ የሪህ መድኃኒት አዳዮቹን የሚያህል የለም። ጉልበቴን ያለ ሁሉ አሎፑሪኖል ይደርሰዋል። አሎፑሪኖል እኮ ሕመም አያስታግስም፣ ሥራው ደም ውስጥ ያለውን፣ ሪህ የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድ መቀነስ ነው! ሐኪም ሲያዘው ኩላሊትን አይቶ፣ በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው ከፍ የሚያደርገው፣ ምክንያቱም ቆዳ ከሚገፍፉት መድኃኒቶች መካከል ከፊት የሚሰለፍ ነው። እናንተ ግን ቀስ ማለት አታውቁም፣ የራሳችሁን ሙሉ መጠን ቆጥራችሁ ትሰጣላችሁ። ለጋስነት ማለት ይሄ ነው።

ውለታችሁ ደግሞ ቶሎ አይታይም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በማግስቱ ምንም የለም። «አላልኩህም?» ትላላችሁ፣ ምስጋናውንም ትቀበላላችሁ። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሳል፣ ጉሮሮ ያማል፣ ዓይን ያቃጥላል። ጉንፋን ነው ትላላችሁ። ለጉንፋንም ክኒን አላችሁ፣ መቼ አጥታችሁ! ከዚያ ከንፈርና አፍ ይቆስላል፣ ገላ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ነገር ይወጣል፣ ከማሳከክ ይልቅ ያማል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ በጣት ሸርተት ሲያደርጉት ቆዳው ተነስቶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው ችሎታችሁ የሚለየው። ሐኪሞች የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒቱን ወዲያው ማቆም ነው ይላሉ፣ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው፣ ታማሚውም እሳት እንደበላው ሰው ነው የሚታከመው፣ ዓይኑ ካልተያዘለት ሊታወር ይችላል። እናንተስ? «በሽታው እየወጣልህ ነው፣ እንዳታቋርጥ!» ትላላችሁ፣ አንድ ክኒንም ትጨምራላችሁ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ይደረሳል። ሐኪሙ ያው ጥያቄ ይወዳል።

«ምን ወሰድክ?»

«ነጭ ክኒን።»

«ስሟ?»

«ክብ ናት። መሃሏ ላይ መስመር አላት።»

ሐኪሙ ስሟን አጥብቆ የሚፈልገው ወዶ አይደለም። ሰውዬው ቢተርፍ እሷንም ዘመዶቿንም ዕድሜ ልኩን መንካት የለበትም፣ ካርባማዜፒን የገፈፈውን ሰው ፌኒቶይንም ሊገፈው ይችላላ። ስለዚህ ቤተሰብ ወደ ባለ ውለታው ይደውላል። ባለ ውለታውም በጣም ያዝናሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ደግሞም ይገረማሉ፦ «እኔ ስንቴ ወስጃት ምንም አላረገችኝ!» ስሟን ግን እሳቸውም አያውቋትም። እሳቸውም የተቀበሏት ከሌላ ደግ ሰው ነው።