የላውንጅ ቁርስ አርበኛ

የአክስቴ ልጅ ቻይና፣ ጓንዡ ሊሄድ ነው። ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። አክስቴ ገንፎ አገንፍታለታለች። መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ የሸኖ ቅቤ ከበርበሬ ጋር አፍስሳበታለች፤ ዙሪያውን እርጎ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ውጪው ውርጭ ነው። ገንፎው ይጨሳል።

"አልበላም እማዬ። ሆዴን ለላውንጅ ነው ያስቀመጥኩት" አላት።

በረራው ጠዋት 3፡30 ነው። የዚያን ቀን ጠዋት እንዳይመስላችሁ። የማግስቱ!

እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ብድግ ብሎ ማክበር ወግ ነው፤ ብድግ አልኩ። ገንፎውን ግን እኔ በላሁት። ጀግናን በባዶ ሆድ ማድነቅ አይቻልም።

አገራችን ጿሚ አጥታ አታውቅም፤ የኛ አካባቢ ደግሞ በተለይ። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ እናቶች ሞልተውናል። እነሱ ግን የሚጾሙት ለነፍሳቸው ነው፤ ዋጋቸውም በሰማይ ነው። የአክስቴ ልጅ የጾመው ለቡፌ ነው፤ ዋጋው ከፓስፖርት ፍተሻ በኋላ ወደ ግራ ታጥፎ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ እህል አልቀመሰም። ጫጫን አለፈ። ሸኖን፣ ያንን የቅቤ አገር፣ ዓይኑን ሳያሽ አለፈ። ሰንዳፋ ላይ ሾፌሩ ለቁርስ ሲያቆም እሱ ሚኒባስ ውስጥ ቀርቶ ስልኩ ላይ የእንቁላል ፎቶ ያይ ነበር። ማታ ያደረው ዘመድ ቤት ነው። ዶሮ ተሠርቶለታል። እምቢ ማለቱን ሲነግረኝ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ላውንጅ ለማታውቁ፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ያለ ማረፊያ ነው። ማረፊያው ያላሳረፈው ሰው የሚያርፍበት። የመጀመሪያውን አሜሪካን ኤርላይንስ በ1939 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ላጓርዲያ ላይ ከፈተ። ያኔ የሚገባው በግብዣ ነበር። ዛሬ ቢዝነስ ክላስ የቆረጠ ይገባል፣ ወይም በርሮ በርሮ ካርድ ያገኘ። የኛው አየር መንገድ ካርድ ከሰማያዊ ይጀምርና በብርና በወርቅ አልፎ ፕላቲኒየም ይደርሳል። አየር መንገዱ በ2011 እ.ኤ.አ. ስታር አላያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ወርቁ በሰው አገርም በር ያስከፍታል።

የአክስቴ ልጅ ወርቅ ነው። ወርቅ የሆነው ከቻይና ብርድ ልብስ እያመጣ ነው። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሟ በታወቀ ከተማ ተወልዶ፣ ብርድ ልብስ ከቻይና። ይኼኛው ጀግንነቱ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ ይወደሳል።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ላውንጅ ከይሉኝታ ነፃ ያወጣው መሆኑ ነው። እኛ ጋ ሰው ቤት ስትገባ የመጀመሪያ ቃልህ "በልቼ ነው የመጣሁት" ነው። ርቦህ ዓይንህ ቢገለበጥም በልተህ ነው የመጣኸው። ባለቤቷ "በሞቴ" ትላለች። "አፈር ስሆን" ትላለች። አንተ "ኧረ በማርያም፣ ጥግብ ብያለሁ" እያልክ በዓይንህ መሶቡን ትፈልጋለህ። ሦስት ጊዜ እምቢ ሳትል እጅህን ከታጠብክ ያሳደገህ የለም። ጠግበህ ስትነሳም ትንሽ ታስተርፋለህ፤ ጠርገህ ከበላህ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ይህን ሁሉ ወግ ተሸክሞ ያደገ ሰው ላውንጅ ገባ። ማንም ብላ አላለውም። ማንም በሞቴ አላለውም። አፈር የሚሆንለት አንድ ሰው ሳይገኝ፣ በገዛ ፈቃዱ ተነስቶ አራት ሳህን! ነፃነት ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

የሰማሁትን አይደለም የማወራው። ወርቅ ካርድ አንድ እንግዳ ያስገባልና አንድ ጊዜ አብሬው ስበር አስገብቶኛል። የት እንደሆነ አልናገርም። ብዙ ላውንጆች ከበረራው 3 ሰዓት በፊት ቀድሞ የመጣን ሰው አያስገቡም። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመን ደቂቃ ቆጠርን። ሰዓቱ ሲሞላ አስተናጋጇ ካርዱን እስክታነብ እንኳ አንገቱ ከሷ ትከሻ በላይ አልፎ ቡፌው ጋ ደርሷል።

መጀመሪያ ባዶ ሳህን ይዞ ዞረ። እኔ ቂል፣ ፊት ለፊቴ ያገኘሁትን ዳቦ አነሳሁ።

"አስቀምጥ!" አለኝ በሹክሹክታ። "ዳቦ የሚያነሳው ጀማሪ ነው።"

ከዚያ የእንቁላሉን ክዳን ገልጦ አየ። ከሥሩ እሳት ያለው ትልቅ የብረት ዕቃ ነው። ጠርዙ ደርቋል፤ መሀሉ ውሃ አቁሯል። ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም በሽተኛ አይቶ ለቤተሰብ ሊናገር ሲል እንደሚነቀንቀው ነው። "ይህ እዚህ ከመጣ ቆይቷል። አብሳይ ቆሞ የሚጠብስበት ጥግ ፈልግ፤ እንቁላል ከመጥበሻ ወደ ሳህን እንጂ ከመጥበሻ ወደ ድስት አይሄድም።" እውነቱን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ ክዳን እየከፈትኩ አያለሁ። ዕውቀት ይተላለፋል።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። አስተናጋጁን ጠርቶ በጨዋ ደንብ "የጾም ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ። አስተናጋጁ ፍራፍሬ አሳየው። አመሰገነው። ከዚያ ሦስት ክሮሳንት አነሳ።

"ቅቤ እኮ ነው" አልኩት።

"ዳቦ ነው" አለኝ።

ቅቤው በየንብርብሩ መሀል የሚገባ መሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ። "ንብርብሩን አልበላም፣ ዳር ዳሩን ነው" አለ። ቀጥሎ መንገደኛን ጾም እንደማይዘው ነገረኝ። ቋሊማውን በዚሁ መንገደኛነት አሳለፈው። ቦሌ ላይ ረከቦት ተዘርግቶ ቡና የሚፈላበት ጥግ አለ፤ የውጭ ሰዎች ከበው ያደንቃሉ። የኛ ሰው በአጠገቡ አልፎ ከማሽን ካፑቺኖ ይቀዳል። ቡና እናቱ ቤትም አለ፣ ማሽን የለም። ሲወጣ ሁለት ሙዝ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ሙዝ ከሸዋ ሮቢት በካርቶን ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣበት ሰው ነው። ግን የላውንጅ ሙዝ ልዩ ነው፤ በነፃ ነው። ነፃነቱ ስንት እንዳስወጣው፣ ወርቅ እስኪሆን ስንት ትኬት እንደቆረጠ መቁጠር ምቀኝነት ነው።

ለምን ላውንጅ ላይ እንዲህ እንደሚበረታ ሲጠየቅ መልሱ ሳይንሳዊ ነው። "ከፍታ ላይ ምላስ ይደነዝዛል። አውሮፕላን ላይ የሚበላ አይጥምም።" ነገሩ ውሸት አይደለም። ደረቁ አየርና ዝቅ ያለው ግፊት የጨውና የስኳርን ጣዕም ያደበዝዛሉ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ግን ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ እንዳይመስል ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። አየር መንገዳችን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያበርረው ድሪምላይነር ውስጥ ደግሞ 1,800 አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ስንት ናት? 2,840 ሜትር። ቦሌ 2,330 ገደማ። እንግዲህ ሰውዬው ከቤቱ ተነስቶ ወደ ቦሌ ወረደ፤ ከቦሌ ተነስቶ በደመና ላይ ሲበር እንደገና ወረደ። ምላስ በከፍታ የሚደነዝዝ ከሆነ የሱ የደነዘዘው እናቱ ቤት ነው ማለት ነው። ገንፎውን እምቢ ያለበትን ምክንያት ያገኘሁት ይህን ስደምር ነው። አላጠፋም። ሳይንስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አውሮፕላኑ ላይ ቁርስ ሲመጣ ይበላዋል። "ለማነጻጸር" ይላል።

ለዕውቀት ያልከፈለው የለም። ወደ ጓንዡ ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ። እሱ አንድ ጊዜ በኢስታንቡል ዞሮ ሄደ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ለመውረድ በጎጃም መዞር ማለት ነው። የዞረው ለመነመን ነው። ስሙን ስሰማ የሚያከሳ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ ቲማቲምና ቃሪያ ተቁላልቶ እንቁላል የሚፈርስበት ቁርስ ነው። ስለ መነመን ግማሽ ሰዓት አወራኝ፤ አንድ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጠባሴ አስፋልት ዳር ያለችው ቁርስ ቤት ይህንኑ እንቁላል ስልስ ትለዋለች። ዳቦ ትጨምርልሃለች። ለዚህ ግን ፓስፖርት አያስፈልግም፤ ጉድለቷ እሱ ነው።

ዱባይ ላይ ደግሞ ፉል አገኘ። ፉል! ዘይትና ከሙን ያለው። የባቄላ አገር ልጅ ባቄላን ያገኘው በበረሃ ነው። ጓንዡ ሲደርስ ኮንጂ የሚባል ቀረበለት። ሩዙ እስኪሟሽሽ የተቀቀለ፣ ፈሰስ የሚል ነገር ነው። "የቻይና ጥበብ" ብሎ ቪዲዮ ላከልን። አክስቴ ስልኩን ተቀብላ ትኩር ብላ አየችው።

"አጥሚት ነው" አለች። "ማን ወልዶ ነው?"

ይህ ሁሉ ምርምር በደብተር ተይዟል። እያንዳንዱ ላውንጅ ከአምስት ኮከብ ይሰጠዋል። ለእንቁላል ለብቻ፣ ለዳቦ ለብቻ፣ ለወንበር ለብቻ። የሄደባቸውን ከተሞች ብትጠይቁት መንገዳቸውን አያውቅም፣ ገበያቸውን በጨረፍታ ነው። የዳቦ መጥበሻቸው በየት በኩል እንዳለ ግን በጨለማ ይመራችኋል። ቲክቶክ ላይ የሚከተሉት ወጣቶች አሉ። አንዳንዶቹ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ የክሮሳንቱን ቅርፊት ግን ሲሰበር በድምፁ ይለያሉ። ተተኪ ማፍራት ይሏል ይህን።

ባለፈው ሳምንት ተመለሰ። አክስቴ እንደ ልማዷ ገንፎ አገነፋች። እሱም ስልኩን አውጥቶ ከሦስት አቅጣጫ አነሳው። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ደብተሩን ገለጠ።

"ስንት ሰጠኸው?" አልኩት።

"ሦስት ኮከብ። ጣዕሙ አምስት ነው፤ ግን ምርጫ የለም። ገንፎ ብቻ ነው ያለው።"

አክስቴ ከጓዳ ሰማች። እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች።

"የምን ኮከብ ነው?"

"ይቆጥራል" አልኳት። "በሄደበት አገር ሁሉ ኮከብ እየቆጠረ በደብተር ይጽፋል።"

አማተበች። ደብተሩን አየች፤ መስመር በመስመር ኮከብ ተደርድሮበታል። ደግማ አማተበች። "ተስዬ የወለድኩት ልጅ፣ ቻይና ደርሶ ኮከብ ቆጣሪ ሆኖ ይምጣብኝ?" አለች። እሱ ስለ ላውንጅ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት የባሰ ደነገጠች፤ ቃሉ ራሱ የድግምት መሰላት።

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ቀስቅሳ ጠበል ወሰደችው። ጠበል በባዶ ሆድ ነው። ምንም አልከበደው። ሰዓቱ ሳይደርስ ደርሶ ከሰልፉ አንደኛ ቆሟል።