ለክቡር አቶ ግሎባል ቫሪያብል፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሌለ ወንበር ስለመሸጥ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ ባሕር ዳሮች መብራት እስካለ ድረስ ደህና ነን።

የምጽፍልዎ ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ በሰው ፊት ስላዋረዱኝ ነው። ወደ ዘጌ ለምትመላለስ አንዲት ጀልባ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የቲኬት ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። 20 ሰው ትጭናለች። «ጋራ» የምትባል ፋይል ከፍቼ እርስዎን፣ የቀረውን ወንበር ቁጥር ይዘው ፕሮግራሙ ሁሉ እንዲጋራዎ፣ እዚያ አስቀመጥኩ፤ ስምዎንም «ቀሪ» አልኩት። (ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል ስም ቢያወጡለት ቅር አይለውም፤ ይህን ውለታውን አልክድም።) ቲኬት ሻጩ ሞጁልም (ሞጁል ማለት የፕሮግራሙ አንድ ፋይል ነው)፣ የቀረውን ወንበር በስክሪን የሚያሳየውም ሞጁል እርስዎን ይጠይቁ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ 20ው ቲኬት አለቀ። ስክሪኑ ግን «ቀሪ፦ 20» እንዳለ ነው። በር ላይ ያለችው ልጅ እሱን አምና፣ ቲኬት ያልያዘውን ሁሉ ገንዘብ እየተቀበለች «ግቡ፣ ቦታ አለ» ትላለች። 7 ሰው ተረፈ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ፣ አንዱን ድንጋዩ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ጀልባ ነጂው ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ የተረፉትን በደንገል ታንኳ ልውሰድልህ?» አሉኝ።

ሌሊቱን ሳገላብጥ ነገሩን ደረስኩበት። የስክሪኑ ሞጁል ገና ሲነሳ «ፍሮም ጋራ ኢምፖርት ቀሪ» (ከጋራ ቀሪን አምጣ) ብሏል። ይህ እርስዎን ደጅ መጥናት አይደለም። በዚያች ቅጽበት የያዙትን 20 አይቶ፣ የራሱን «ቀሪ» የሚል ስም ለጥፎበት መሄድ ነው። ሻጩ የጋራን ቀሪ ወደ 19 ሲያወርድ የእርስዎ ስም ወደ 19 ተሻገረ፤ የስክሪኑ ስም 20 ላይ ተጎልቶ ቀረ። ቁጥር መሆንዎ ቀርቶ ሊስት (የነገሮች ዝርዝር) ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ፣ አንዱ አንድ ነገር ሲጨምርበት ሁሉም ያየው ነበር። ታዲያ ሰው የትኛውን ጠባይዎን ይመን?

ስምዎ ዓለም አቀፍ፣ ግዛትዎ ግን ከአንዲት ፋይል አጥር አያልፍም። እዚያው አጥር ውስጥ እንኳ አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ቁራጭ) ሊቀንስዎ ሲል አስቀድሞ «ግሎባል ቀሪ» ብሎ እጅ ካልነሳ አላውቅህም ይሉታል፤ ፕሮግራሙም ስህተት ጥሎ ይቆማል። የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ እንዲህ አይኮራም።

መድኃኒትዎ፣ «ኢምፖርት ጋራ» ብሎ በተፈለጉ ቁጥር «ጋራ.ቀሪ» እያሉ በነጥብ መጥራት ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሞጁል አንዴ ስለሚጫን፣ ማንም ቢጠራው የሚመጣው ያው አንዱ ጋራ ነው። ለዚህች ነጥብ ነው እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት።

ጓደኛዬ «መጀመሪያውኑ ለምን አስገባኸው?» አለኝ። እምቦጭም እኮ አበባው ሲያዩት ያምራል፣ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ዋጋውንም፣ የመነሻ ሰዓቱንም፣ የጋሼን ስልክ ቁጥርም እዚያው ጋራ ውስጥ ከትቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የጣና ዳር ፕሮግራመር

ግልባጭ፦
ለስክሪኑ ሞጁል (ዋናው ደብዳቤ ነገ ቢታረም፣ አንተ ጋ ያለው ያው የዛሬው ነው)