በ606 ዶላር የተቀዳ አልበም
የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም «ብሊች» ድምፁ የሻከረው በገንዘብ እጥረት ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤ አባባሉ አልተዋጠልኝም። ሂሳቡስ ልክ ነው፤ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም እንደፈጀ ሽፋኑ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ገንዘቡን የከፈለው ጄሰን ኤቨርማን ነው፤ በአልበሙ ላይ አንዲት ክር ሳይነካ ፎቶው ሽፋኑ ላይ ወጣ፣ ስሙም በጊታር ተጫዋችነት ሰፈረ (ከፋይ መሆን ደጉ!)። ሻካራነቱ ግን የዚያን ጊዜ የሲያትል ልጆች ወደውና ፈልገው የሚያመጡት ድምፅ ነበር፤ አልበሙን የቀዳላቸው ጃክ ኤንዲኖም በስምንት ትራክ (ስምንት ድምፅ ለየብቻ በሚይዝ) መቅጃ ያንኑ አስቀረላቸው። ከበሮውንም ቢሆን የመታው የባንዱ ታዋቂ ከበሮ መቺ ዴቭ ግሮል ሳይሆን በአብዛኛው ቻድ ቻኒንግ ነው፤ ግሮል የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ነው። እዚያው ጽሑፍ ሥር በአስተያየታቸው «ድሬዳዋ ላይ ያለ ስቱዲዮ ሮክ መቅዳት ዘበት ነው» ላሉት ወንድሜ፣ እኔና የባንዴ ልጆች እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ክፍል፣ ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍነን እንቀዳለን። የሚያስቸግረን የመሣሪያ ማነስ አይደለም፤ ማይክሮፎኑ የጣሪያውን ማራገቢያ ድምፅ ስለሚለቅም በግንቦት ሙቀት አጥፍተነው መጫወታችን ነው። ላቡ ከበሮ መቺያችንን ዱላ ያስጥለዋል፤ ጊታሩም ከዘፈን ዘፈን ቅኝቱን ይስታል። ስለዚህ ሌሊት እንቀዳለን፣ ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ።