ሞግዚቱን ዕድሜ ይስጥልን

ሰው ምስጋና ቢስ ነው። የአሜሪካ ስቴቶች ኪሳቸው የተራቆተ የትምህርት ዲስትሪክቶችን (የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩትን አካላት) እንደ ሞግዚት ተረክበው ለማዳን ይህን ሁሉ ሲደክሙ ወላጁ ያማርራል፣ መምህሩ ይሰለፋል፣ ጋዜጠኛው ሰነድ እየጎረጎረ ያሳጣል። «እጃችሁ ይባረክ» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። እንግዲህ እኔ ልበል።

ምስጋናዬ በሚሺጋን ስቴት ካለችው ከዲትሮይት ከተማ ይጀምራል (ዘመኑ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። በ1999 የሚሺጋን መንግሥት የተማሪው ውጤት አላማረም በሚል ሕዝብ የመረጠውን የትምህርት ቦርድ አንስቶ በተሿሚዎች ተካው። ያኔ ዲስትሪክቱ ወደ 93 ሚሊዮን ዶላር ተራፊ ነበረው። ተራፊ ነው ያልኩት፣ ዕዳ አላልኩም። ተራ ሞግዚት ቤቱ እስኪደኸይ ይጠብቃል። ጎበዝ ሞግዚት ግን ገንዘቡ እያለ ይደርሳል። በ2006 አስተዳደሩ ለተመራጮች ሲመለስ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ተረከቡ። ባዶ እጃቸውን አላስቀራቸውም።

ስቴቱ ሦስት ዓመት ታገሰና በ2009 ተመልሶ መጣ። ምክንያቱስ? የበጀት ጉድለት! ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ያፍር ነበር።

በዚህኛው ዙር ይዞ የመጣው «የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ» የሚባል የስቴቱ ተሿሚ ነው። በ2011 በወጣው ሕግ ደግሞ ጡንቻው ፈረጠመ። የሠራተኛ ማኅበር ውል ማፍረስ፣ ትምህርት ቤት መዝጋት፣ የቦርዱን ሥልጣን ጠቅልሎ መያዝ ይችላል። ስብሰባ የለ፣ ክርክር የለ፣ አንድ ፊርማ በቂ ነው። ሕዝቡ ግን ይህ ውለታ አልገባውም። በኖቬምበር 2012 ሕጉን በድምፁ ሻረው።

እዚህ ላይ የስቴቱን ሕግ አውጪዎች ቅልጥፍና ሳላደንቅ አላልፍም። በወሩ፣ በዲሴምበር፣ ያንኑ የሚመስል ሕግ አጸደቁ። ያውም በጥንቃቄ! መሀሉ ላይ ትንሽ በጀት ጣል አደረጉበት። በሚሺጋን ሕገ መንግሥት ገንዘብ የሚመድብ ሕግ በሕዝበ ውሳኔ አይነካማ። ገንዘብ የት ቦታ ቢቀመጥ እንደሚጠቅም ለዲስትሪክቶቹ በተግባር ማሳየት እንዲህ ነው።

የማዳኑ ዘዴም ቀላል ነው። በሚሺጋን የስቴቱ ገንዘብ ተማሪን ተከትሎ ይሄዳል። ልጁ ከወጣ ገንዘቡም አብሮት ይወጣል። ጣሪያው ግን ያው ጣሪያ ነው፣ ማሞቂያውም ያው፣ የጡረታ መዋጮውም ያው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ወጪ ለመቀነስ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወላጅ ልጁን ወደ ቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት) ወይም ወደ ጎረቤት ከተማ ይወስዳል። ገንዘቡም ይከተላል። ጉድለቱ ይሰፋል። በሉ ሌላ ትምህርት ቤት ይዘጋ! በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ የነበረው ዲስትሪክት በ2015 ከ50 ሺህ በታች ቀረ። ትንሽ ዓመት ቢጨመርላቸው ወጪውን ዜሮ ያስገቡት ነበር።

የሰው ምርጫቸውም አይታማም። እስከ 2016 መጀመሪያ አራት ሥራ አስኪያጆች ተፈራረቁ። አራተኛው የመጡት ከሌላዋ የሚሺጋን ከተማ፣ ከፍሊንት ነው። ፍሊንት በ2014 የመጠጥ ውኃዋን ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ስትጀምር (በኋላም እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት በየቤቱ ቧንቧ ሲወርድ የተገኘው በዚያው ውኃ ነው) የከተማዋ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ እሳቸው ነበሩ። ልምድ ያለው ሰው ማግኘት እኮ ከባድ ነው።

ጃንዋሪ 2016 ላይ የዲትሮይት መምህራን በጅምላ «አሞናል» ብለው ቀሩ። በአንድ ቀን ብቻ ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከንቲባው ዞር ዞር ብለው ክፍሎቹን ጎበኙ። ሕፃናቱ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ወለሉ ላይ አይጥ ሞታ ተጋድማለች። የአንዱ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ወለል ጣውላው ተነሣሥቶ እንደ ማዕበል ስለሆነ በሩ ተዘግቷል። ነገሩን በቅንነት ላየው ሰው ግን ይህ ሁሉ ውጤት ነው። ማሞቂያ ተቆጥቧል፣ ጥገና ተቆጥቧል፣ አይጥ እንኳን ከዚያ ቤት የምትበላው አጥታለች።

እዚያው ሚሺጋን ውስጥ መስኪገን ሃይትስ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ደግሞ ነገሩ አጠር ብሏል። ሥራ አስኪያጁ በ2012 ዲስትሪክቱን ሙሉ በሙሉ ለአንድ የግል ኩባንያ አስረከቡ። ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ አያዋጣኝም ብሎ ወጣ። ሞግዚትም ለካ ሞግዚት ይቀጥራል።

ካሊፎርኒያ ጨዋ ናት፤ ዘላ ቁልፍ አትቀማም። የሪችመንዱ ዲስትሪክት በ1991 ከከሰረ በኋላ ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ ዲስትሪክት በዓመት ሁለቴ ሪፖርት ያቀርባል። ሦስት ደረጃ አለ። በዚህ ዓመትና በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ዕዳዬን እከፍላለሁ፣ ምናልባት አልከፍልም፣ ወይም ጭራሽ አልከፍልም። ገንዘቡ ማለቁ በደንብ ተመዝግቦ፣ ማህተም ተመትቶበት ያልቃል። ከዚያ ብድር ይመጣል። ለኦክላንድ ከተማ ዲስትሪክት በ2003 የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደለት። ብድሩን ከፍሎ ለመጨረስ ከ20 ዓመት በላይ ወሰደ። ያኔ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የራሱን ልጅ እዚያው ሊያስመዘግብ ይችል ነበር። ስቴቱ ለላከው አስተዳዳሪ ደመወዝ የከፈለው ደግሞ ያው የደኸየው ዲስትሪክት ነው። እንግዳ አክባሪነት ከዚህ በላይ የለም።

የሁሉም ቁንጮ ግን አሁንም ዲትሮይት ናት። በ2016 የሚሺጋን ሕግ አውጪዎች 617 ሚሊዮን ዶላር መድበው ዲስትሪክቱን ለሁለት ከፈሉት። ልጆቹ፣ መምህራኑና ሕንፃዎቹ ወደ አዲሱ ተዛወሩ። አሮጌው ዕዳውን ታቅፎ ቀረ። ሥራው ግብር መሰብሰብና ዕዳ መክፈል ብቻ ነው። ተማሪ የለው፣ ክፍል የለው፣ አይጥ የለው። ይሄ ነው እንግዲህ ሞግዚት የሚመኘው ዲስትሪክት! «አሞኛል» ብሎ የሚቀርበትም የለም።