እርማት፦ ጠብታ አለመታየቱ ቴስታታ ተበላሸ ማለት አይደለም

«የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከመኪናው ሥር ጠብታ ካልታየ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ላሉት ወንድማችን (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ነው)፦ ይህ አባባል ስንቱን ያለ ምክንያት ሞተር አስከፍቷል! ትንሽ ፍሳሽ በጋለ ሞተር ላይ መሬት ሳይደርስ ይተናል። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ይመርምሩ፤ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ታዲያ። አዲስ አበባ ላይ ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞተር የሚሠራውም በዚያው ሙቀት ግድም ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ውሃው በጉዞ ላይ በትርፍ ማስወጫው ቱቦ ይወጣል። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑንና የቱቦ ማሰሪያዎቹን በእጅ ባትሪ ይዩ፤ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ፍሳሹ እዚያ ነው። ቴስታታ በዋናነት የሚጠረጠረው የሞተር ዘይቱ ወተት ሲመስል ወይም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ሲንተከተክ ነው።